የጀግና ስም ባለቤቱ ማን ነው? ከፈረስ ስም እስከ ጌም ስም

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ ባልንጀራዬ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ባልንጀራዬ የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪ ሲሆን በትርፍ ጊዜው በስልክ የሚጫወቱት ጌም ይሠራል። የጌሙ ባለታሪክ ከቋራ ቆላ ተነሥቶ፣ ደንቢያን አቋርጦ፣ ወደ ስሜን ደጋ የሚወጣ አንድ ጐበዝ ነው፤ ስሙም «ታጠቅ» ይባላል። ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ሌላ ተማሪ አይቶት «ይህን ስም ያስመዘገበ ሰው ቢኖርስ? ባይኖርም ነገ አንዱ ቀድሞህ ያስመዘግብና ጌምህን አውርድ ይልሃል» አለው። ባልንጀራዬም ደንግጦ ወደ እኔ መጣ። «አንተ የታሪክ ተማሪ ነህ፤ ለመሆኑ ታጠቅ የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

በመጀመሪያ ሣቅሁበት። «የዐፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ነዋ!» አልሁት። እርሱ ግን የጠየቀኝ ፈረሱ የማን እንደ ነበረ ሳይሆን ስሙ ዛሬ የማን እንደ ሆነ ነበር። ማታ ተኝቼ ሳስበው ጥያቄው በሣቅ የሚታለፍ አለመሆኑን ተረዳሁ። አንድ ጀግና በሥራው ያገኘው ስም ከእርሱ ሞት በኋላ የቤተ ሰቡ ነው? የአገሩ ነው? ወይስ ወረቀቱን ቀድሞ ላስገባ ነጋዴ ነው? ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ በኩል ያገኘሁትን ነው። የሕግ ተማሪ ስላልሆንሁ ሕጉን በተመለከተ የማነሣው ለነገሬ የሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ ነው።

የስም ክርክር በጌም ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ፒያሳም ሆነ በማራኪ በኩል ከጌም ቤት ደጃፍ ቆሞ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ውስጥ የኮናሚን የእግር ኳስ ጌም የተጫወተ ሁሉ አንድ እንግዳ ነገር አይቷል። አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ማንቸስተር ሲቲ «ማን ብሉ» ተብለው ተጽፈው የሚገኙባቸው ዓመታት ነበሩ። ምክንያቱም የክለቦቹ ስምና ዓርማ ዋጋ ያለው ንብረት ስለ ሆነና ኮናሚ ለሁሉም ፈቃድ ስላልገዛ ነው። ጎረምሶቹ ግን «ኖርዝ ለንደን» ብሎ የሚጠራ አልነበራቸውም፤ ጆይስቲኩን ይዞ የተቀመጠው ልጅም፣ ከኋላው ቆሞ ተራ የሚጠብቀውም አርሰናልን አርሰናል ነበር የሚሉት። ጽሕፈቱን የሚቈጣጠረው ባለ ንብረቱ ነው፤ አፍን የሚቈጣጠር ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ፊፋ» ሲባል የኖረው ሌላው ጌምም ቢሆን ሠሪው ኩባንያና የእግር ኳሱ ማኅበር በ2022 በስሙ ጉዳይ ተለያይተው፣ ከ2023 ወዲህ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሏል። ጌም ቤት ገብቶ «እስቲ ፊፋ ክፈትልን» የሚለው ደንበኛ ግን ዛሬም አልጠፋም።

የንግድ ምልክት ማለት በአጭሩ አንዱ ሻጭ ዕቃውን ከሌላው ሻጭ ዕቃ የሚለይበት ስም ወይም ሥዕል ነው። አሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የማሪያ ትሬዛን ጠገራ ብር ያየ ገበያተኛ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የዘውዷን ነጠብጣብ ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። ነጋዴው የሚያምነው ብሩን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ስለ ነበር፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ብሩ 1780 የሚለውን ዓመተ ምሕረት እንደ ያዘ ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ማተሚያውን ከቪየና ወሰደች፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ እንግሊዞች በለንደን ያትሙት ጀመር። የሞተች ንግሥት መልክ የማን ነው የሚለው ክርክር እንግዲህ ከጌም በፊት በእኛው ገበያ ላይ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ሆኖም የብር ምልክት የዕቃ ምልክት ነው። የጀግና ስም ግን ሌላ ጠባይ ስላለው ወደ እርሱ እንመለስ።

በአገራችን የጦር ሰው ልማድ አንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ስም ነበረው። አንዱ ወላጆቹ ያወጡለት ሲሆን ሁለተኛው የፈረሱ ስም ነው። ባለ ፈረሱ ለፈረሱ ስም ያወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ተመልሶ በራሱ በባለቤቱ ላይ ይወጣና «አባ እገሌ» ይባላል። እዚህ ላይ «አባ» ማለት ባለቤት ማለት ነው። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ይህን ዓይነቱን ስም በብዛት ሰብስበው «ቼ በለው» በተባለው መጽሐፋቸው በ1961 ዓ.ም. ባያሳትሙልን ኖሮ አብዛኛው ከሽማግሌዎች ጋር በተቀበረ ነበር።

ስሞቹን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ብዙዎቹ ትእዛዝ ወይም የሥራ ቃል መሆናቸውን ያያል። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል፤ ሁሉም «አድርግ» የሚሉ ናቸው። ፈረሱ ሲጠራ ባለቤቱ በዚያው ጊዜ ይታዘዛል። በዚህ ረገድ የእኛ ስም ከአሜሪካኖቹ የሥዕል መጽሐፍ ጀግኖች ስም በጣም ይለያል። የእነርሱ ጀግና ሁለተኛ ስሙን የሚይዘው ማንነቱን ለመሸሸግ ነው፤ ሱፐርማን ቀን ቀን መነጽሩን አድርጎ ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንት ሆኖ ይውላል፤ ባትማን ፊቱን ይሸፍናል። የእኛው ባለ ፈረስ ስም ግን ሁለተኛ ስሙን የሚይዘው በሩቅ እንዲታወቅ ነው። ጓደኛም ጠላትም በአንድ ጩኸት እንዲለየው ነው።

የካሣ ኃይሉን ነገር እንውሰድ። በቋራ ሸፍተው በነበሩበት ጊዜ ጎንደርንና ደንቢያን የያዙት የእቴጌ መነን ሰዎች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ይተረካል። ደጃዝማች ወንድይራድም ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ወጡ፤ ነገር ግን ተሸንፈው ተማረኩ። ካሣም እናቴ ገበያ ወጥታ ኮሶ ስላልተሸጠላት ይህን ጠጡላት ብለው ኮሶ አጠጧቸው ይባላል። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ስም ይታያል። አንዱ ጠላት የለጠፈው፣ ሁለተኛው በጦር ሜዳ የተገኘው ነው። «አባ ታጠቅ» የሚለው ስም የጸናው የመጀመሪያውን ስላሸነፈው ነው፤ ጽፎ ያስመዘገበው የለም።

ሦስተኛው ስማቸውም ቢሆን ታሪኩ የሚያስደንቅ ነው። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ አገሩን በጽድቅ ይገዛል የሚለው ትንቢት በፍካሬ ኢየሱስ ተጽፎ ሕዝቡ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ስሙ ከሰውየው በፊት ነበረ ማለት ነው። የስሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ደግሞ በደረስጌ ማርያምን አሠርተው የዘውዳቸውን ነገር በዚያ አሰናድተው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ በዚያው በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል ነሥተው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ ለራሳቸው ባሰናዱት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው «ቴዎድሮስ» ተባሉ። ዛሬ ጃናሞራ ወጥቶ ደረስጌን የሚያይ ሰው የአንዱ ድካም ለሌላው ስም እንደ ዋለ በዓይኑ ያያል። ቀድሞ ማሰናዳት በዚያ ዘመን መብት አልሰጠም።

ታዲያ የጀግናው ስም እንደ ፈለገ የሚነሣ ሜዳ ላይ የወደቀ ነገር ነበረ ወይ? አልነበረም። አንድ ወታደር ሲፎክር «ዘራፍ!» ካለ በኋላ የጌታውን የፈረስ ስም ጠርቶ የእርሱ አሽከር መሆኑን ይናገራል። ይህን የሚለው ግን ጌታውና ጓደኞቹ ባሉበት ነው። ያልሠራውን ቢናገር አብሮት የዘመተው ሰው ከዚያው ተቀምጧል፤ ያዋርደዋል። የንጉሥ ስም ደግሞ ከዚህ የበለጠ ክብደት ነበረው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «ቴዎድሮስ ይሙት!» ወይም በኋላ ዘመን «ምኒልክ ይሙት!» ብሎ ከማለ ነገሩ ተራ ጠብ መሆኑ ይቀራል፤ ማሃላውን የጣሰ በዳኛ ፊት ይጠየቃል። ስለዚህ ስሙ ጠባቂ ነበረው። ጠባቂው ግን የሚቈጣው ስሙ ያለ ዋጋ ስለ ተጠራ አይደለም፤ በሐሰት ስለ ተጠራ ነው። በእኔ አስተያየት በአሮጌው ልማድና በዛሬው የንግድ ምልክት መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይህ ነው። ለጌታው ስም ክፍያ የተጠየቀ ፎካሪ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ አሽከር በጠራው ቍጥር ስሙ ይከብር ነበር።

በጎንደር የቅኔ ቤቶችም የሚመስል ሥርዓት አለ። ቅኔ የሚቀርበው ለዕለቱ አዲስ ሆኖ ነው፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ጓደኞቹ ፊት አያቆሙትም። የሚገርመው ግን ቅኔ ማቅረብ ራሱ «ዘረፋ» መባሉ ነው። (በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህን ለአንድ የውጭ አገር መምህራችን ለማስረዳት ሞክሬ ጭራሹን ሌባ የምናከብር ሕዝብ መስለናቸው ነበር።)

የፈረስ ስም ከባለቤቱ ሞት በኋላ ወዴት እንደሚሄድ መከተልም አስደሳች ነው። ቃኘው በመጀመሪያ ፈረስ ነበረ፤ ከዚያ ራስ መኰንን ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር «ቃኘው ሻለቃ» ተባለ፤ በመጨረሻም አሜሪካኖች በአሥመራ የነበራቸው የሬዲዮ ጣቢያ በዚሁ ስም ተጠራ። ታጠቅም በደርግ ዘመን በ1969 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሚሊሺያ የሠለጠነበት የጦር ሰፈር ስም ሆኗል። ንጉሥን ያወረደ መንግሥት የንጉሥን ፈረስ ስም ለራሱ ሲወስድ ፈቃድ የጠየቀው ማን ነው? ማንንም አልጠየቀም። በጎንደርም ቢሆን የአውሮፕላን ማረፊያው በዐፄ ቴዎድሮስ፣ የኳስ ክለባችን በዐፄ ፋሲል ስም ይጠራል፤ ደጋፊውም ክለቡን «ዐፄዎቹ» ይለዋል። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ስሙ በከተማው ሁሉ ያለ ዋጋ ተጠርቷል።

ንግዱም ከዚሁ ከፍታ ስም ይቀዳል። ዳሸን በ1988 ዓ.ም. የባንክ ስም ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በጎንደር የቢራ ፋብሪካ ስም ሆነ። ሁለቱም ስሙን የወሰዱት ከስሜኑ ራስ ዳሸን ነው። ባንኩና ቢራው በአንድ ስም የሚኖሩበት ምክንያት የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በዕቃና በአገልግሎት ዓይነት ተከፍሎ ስለ ሆነ ነው። ክፍሎቹ በዓለም አቀፍ ስምምነት 45 ናቸው። ገንዘብ ሊያስቀምጥ ገብቶ ቢራ ተቀዳልኝ የሚል ሰው እንደማይኖር ይታመናል። ጌም ደግሞ በ9ኛው፣ በ28ኛውና በ41ኛው ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ለባልንጀራዬ ይህን ስነግረው ትንሽ ተጽናና፤ የጦር ሰፈር ስም መሆኑ ጌም ከመሆን አያግደውምና።

አሁን ወደ አሜሪካ ልሻገር፤ የባልንጀራዬን ፍርሃት በትክክል የሚመስለው ጉዳይ የሚገኘው በዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ክሪፕቲክ የተባለ ኩባንያ የሠራው፣ ኤንሲሶፍት የተባለ የኮሪያ ኩባንያ ያሳተመው «ሲቲ ኦቭ ሂሮስ» የሚባል ጌም ወጣ። ትርጓሜው የጀግኖች ከተማ ማለት ነው። ተጫዋቹ የራሱን ጀግና ይፈጥራል፤ ልብሱን፣ ቀለሙን፣ ስሙን ይመርጣል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የሥዕል መጽሐፍ አሳታሚው ማርቭል፣ ተጫዋቾች አረንጓዴውን ሐልክንና ባለ ጥፍሩን ዎልቨሪንን የሚመስሉ ጀግኖች ይፈጥራሉ፣ ኩባንያዎቹም ይህን አመቻችተዋል ብሎ በሎስ አንጀለስ ከሰሰ። ሲመረመር ማርቭል ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዳንዶቹን የፈጠሩት የራሱ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ዳኛው በመጋቢት 2005 እነዚህን ሰረዙ፤ ከንግድ ምልክቱ ክስም አንዳንዱን ውድቅ አደረጉ፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ በጀግናው ስም ይጫወታል እንጂ አይነግድም። የቀረውን ተከራካሪዎቹ በታኅሣሥ 2005 በስምምነት ጨረሱት። «ይጫወታል እንጂ አይነግድም» የሚለው አሳብ ለእኔ ከፎካሪው ጋር አንድ ነው። የጌታውን ስም የሚጠራ አሽከር ስሙን አልሸጠም፤ ተጫወተበት፣ ከበረበት እንጂ።

የዚህ ጌም መጨረሻም መነገር ይገባዋል። ኤንሲሶፍት በኅዳር 2012 ዘጋው። ወዳጆቹ ከመዘጋቱ በፊት በጌሙ ውስጥ አትላስ ፓርክ በተባለው አደባባይ ችቦ ይዘው ተሰብስበው አቤት አሉ፤ አልተሰሙም። ነገር ግን ጀግኖቻቸውን አልረሱም፤ ጌሙን በግላቸው አቆይተው ሲጫወቱበት መኖራቸው በ2019 ታወቀ። በጥር 2024 ኩባንያው ራሱ «ሆምካሚንግ» ለተባለው የወዳጆች ቡድን ፈቃድ ሰጠ። ባለ ንብረቱ የተወውን ስም ጠብቀው ያቆዩት የጠሩት ሰዎች ናቸው። አዝማሪዎቻችንና ሽማግሌዎቻችን ለአባ ታጠቅ ያደረጉለት ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። «ሱፐር ሂሮ» የሚለው ቃል ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በማርቭልና በዲሲ በጋራ የተመዘገበ ምልክት ነበር። ሁለቱ በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች ቃሉን በጋራ አጥረው ከአርባ ዓመት በላይ ሌላውን ሲከለክሉ ኖሩ። በ2024 አንድ ትንሽ አሳታሚ ይሰረዝልኝ ብሎ አመለከተ፤ ሁለቱ መልስ ሳይሰጡ ቀሩ፤ ምዝገባውም በመስከረም ወር ተሰረዘ። የሚያህላቸው ያልነበረ ኩባንያዎች በዝምታ ተረቱ። በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲገልና ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማንን ከነመብቱ በ130 ዶላር ሸጡት። ከረጅም ክርክር በኋላ በ1975 ጡረታና የፈጣሪነት ስማቸው ቢመለስላቸውም ጀግናው ግን አልተመለሰላቸውም። ይህን ለባልንጀራዬ ሳነብለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እርሱም ዕድሜው እንደ እነርሱ ነው፤ እርሱም ብር ያስፈልገዋል።

በአገራችን ነገሩ አሁን በሕግ የተያዘ ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቍጥር 320/1995 ተቋቁሟል፤ የንግድ ምልክት አዋጅ ቍጥር 501/1998 ደግሞ የባለቤትነት መብት በምዝገባ እንደሚገኝ፣ ጥበቃውም 7 ዓመት ሆኖ እየታደሰ እንደሚቀጥል ይደነግጋል። የጌም ሥራም ተጀምሯል። «ቅኔ ጌምስ» በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኩኩሉ» ስሙን የወሰደው ሁላችንም በልጅነታችን ስንደባበቅ ከምንጮኸው ጩኸት ነው። በዚያው ዓመት ብሥራት ደበበ በኤታን ኮሚክስ ያሳተመው «ጀምበር» ደግሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ነው። አንዱ የልጆችን ጩኸት፣ ሌላው የፀሐይን ስም ይዟል። የባልንጀራዬ «ታጠቅ» ግን ከሁለቱም የከበደ ነው፤ ሰው የሞተበት ስም ነውና።

የስም ጠባቂነት በእኛ አገር በትክክል የተፈተነው በቡና ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር እነዚህ የቦታና የቡና ዓይነት ስሞች ናቸው ብሎ ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋር ብዙ ንግግር ሆነ፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገ። ዋናው ነገር ግን መንግሥት ስሙን ካስመዘገበ በኋላ ለቡና ገዢዎች ፈቃዱን የሰጠው ያለ ክፍያ መሆኑ ነው። ያስመዘገበው ለማጠር ሳይሆን ሌላ እንዳያጥረው ነበር። ይህ ከፎካሪው ሥርዓት ጋር ይቀራረባል፤ ጌታው ስሙን ለአሽከሩ ሁሉ በነጻ ያውሰዋል፤ በሐሰት የተጠራ እንደ ሆነ ግን ይቈጣል።

እንግዲህ የጀግኖቻችንን የፈረስ ስሞች አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስመዝግብልንና ለሁሉም በነጻ ያውስ ይባላል? በመጀመሪያ ይህን አሳብ ደግፌ ነበር። ረቂቄን ያነበቡልኝ አንድ መምህሬ ግን «የድሮውን ዘመን በጣም ቸር አድርገህ ጻፍኸው። በዝብዝ ማለት ምን ማለት ነው? የሚበዘበዘውስ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። እውነት ነው፤ የፈረስ ስም ፈረስ ያለው ሰው ስም ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው የወገራና የዳባት ገበሬ በሬውን ስም ቢያወጣለትም በዚያ ስም የፎከረለት የለም።

ከዚህም በላይ ታጠቅ በጎንደር የክብር ስም ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጎንደርን አስዘርፈው አቃጥለዋል፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋይና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተግዘዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ አገሩ ሁሉ ጀግንነታቸውን ተቀበለ፤ ጎንደር ግን ሁለቱንም ይዛ ቀረች። በከተማችን አንድ ሽማግሌ ስለ መይሳው ካሣ በኩራት አውርተው ሳይጨርሱ ስለ ተቃጠለችው ከተማ ማዘን ሲጀምሩ መስማት የተለመደ ነው፤ ይህን እንደ ቅራኔ የሚያይ የለም።

እንግዲህ የስሙ ባለቤት አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ቢሆን ስለዚህ እሳት የሚሠራውን ጌም ማን ይፈቅዳል? ዓርማውን የሚሸጥ ኩባንያ ዕቃው እንዲጠቍርበት አይወድም። የመንግሥት ሹምም ቢሆን የተከበረ ስም ተነካ ይላል። ማርቭል ሐልክን የሚመስል አረንጓዴ ሰው በተጫዋች እጅ መታየቱን እንኳ አልታገሠም። ስለዚህ በበኩሌ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው፤ ጌም ሠሪ የራሱን ሥዕል፣ የራሱን የፊደል ቅርጽ፣ የራሱን ዓርማ ያስመዝግብ፤ ሌላው እንዳይሰርቀው መከላከል ይገባዋል። ባዶውን «ታጠቅ» የሚለውን ቃል ግን እርሱም አይጠረው፤ መዝጋቢውም ለማንም ብቻውን አይስጥ። ነገ ሌላ ልጅ ያንኑ ስም ይዞ የጎንደርን መቃጠል የሚያሳይ ጌም ቢሠራና ጌም ቤት ውስጥ ጎረምሶቹ በሁለቱ ጌሞች ቢከራከሩ እወዳለሁ። ስለ ቴዎድሮስ የሚደረገው ክርክር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው ስሙን ማንም ሊዘጋው ስላልቻለ ነው።

ባልንጀራዬ በዚህ አሳብ በግማሽ ብቻ ተስማማ። «አንተ ስሙን ነጻ ስታደርገው አዲስ አበባ ያለው ባለ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ገልብጦ ያወጣዋል» አለኝ። ይህን መልስ ለመስጠት ሥዕሉና አሠራሩ በቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410/1996 የተጠበቀ መሆኑን አሳየሁት፤ ጥበቃው ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት የሚቆይ ነው። «እኔ ከሞትሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሣቀ። የማመልከቻውን ቅጽ ግን ከቦርሳው አላወጣውም።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ደባርቅ አጠገብ ወዳለው ቤታችን አብሮኝ መጥቶ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ጌሙን ለአያቴ አሳያቸው። አያቴ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው፣ ልጁ ገደሉን ሲወጣ፣ ወንዙን ሲዘል፣ ጠላቱን ሲጥል ዝም ብለው አዩ። «ማን ነው ስሙ?» አሉ።

«ታጠቅ ነው አባባ» አላቸው ባልንጀራዬ።

«ታጠቅማ ፈረሱ ነው» አሉ አያቴ። «ፈረሱ የት አለ?»

ባልንጀራዬ አፈረ። በፈረስ ስም የሚጠራው ጀግናው ከቋራ እስከ ስሜን በእግሩ ነበር የሚሄደው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ምዝገባ አንሥቶብኝ አያውቅም። ፈረሱን እየሳለ ነው፤ የኋላ እግሮቹ ግን እስካሁን አልተሳኩለትም።